ፎርሙ ተፈርሟል፤ ትዕይንቱን ግን ማስገባት አቃተኝ

የማታ ቅንብር (የውይይቱን ክር የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ብዙውን ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርሁም፤ ዛሬ ግን ብቻዬን ልወስነው ያልቻልሁት ጉዳይ ስለ ገጠመኝ የሙያ ባልደረቦቼንም ሆነ ከሙያው ውጭ ያላችሁትን ለማማከር ተገድጃለሁ።

ላለፉት 14 ወራት በደላላ ተታልለው ለጉልበትና ለጾታ ብዝበዛ ስለ ተዳረጉ ወጣቶች ዘጋቢ ፊልም ስሠራ ቆይቻለሁ። በእጄ ያለው ቀረጻ 62 ሰዓት ሲሆን፣ ረቂቅ ቅንብሩ 78 ደቂቃ ይወስዳል። ከባለታሪኮቹ መካከል ፊልሙን ተሸክማ የምትሄደው አንዲት ወጣት ናት። በ15 ዓመቷ ሥራ አለ ተብላ ከቤት ወጣች፤ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በሌሎች ሰዎች ቁጥጥር ሥር ቆየች፤ ከዚያም አመለጠች። ሳገኛት 18 ዓመት ሞልቷት ነበር፤ አሁን 19 ናት። የስምምነት ፎርሙን ራሷ አንብባ፣ ያልገባትን ጠይቃኝ፣ ፊቷ እንዲታይ ፈቅዳ ፈርማለች።

ቀረጻው በተጀመረ በዘጠነኛው ወር ባደረግነው ቃለ መጠይቅ ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት ተናገረች። አልጠየቅኋትም፤ ግን አላስቆምኋትምም። አራት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚሆን ጊዜ አለቀሰች፤ ካሜራውም አልጠፋም። ከቀረጻው በኋላ ቀለል ብሎኛል አለችኝ፤ እኔም አመንኋት። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ሌላ ጉዳይ ስደውልላት፣ ስልኩን ልንዘጋ ስንል ድንገት «ወንድሜም ያየዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። በኋላ እንነጋገራለን አልኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን ብታነሣም ቃሏ አጭር ሆኗል።

ፕሮዲውሰሬ ያ ትዕይንት ከወጣ ፊልሙ ልብ የለውም ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ተሳስቷል ማለት ያስቸግረኛል። ሌሎቹ ክፍሎቿ የሚያሳስቡ አይደሉም፤ እንዲያውም በፊልሙ እኩሌታ ላይ ስለዚያ ጊዜ እያወራች የምትስቅበት አንድ ትዕይንት አለ፤ ተመልካቹን የሚያስተነፍሰው እርሱ ነው። ጥያቄዬ ስለ ልቅሶው ነው። ላውጣው? ፊቷን ሸፍኜ ድምፁን ብቻ ላቆይ? ወይስ እንደገና ልጠይቃት? ብጠይቃትና እምቢ ብትል የ14 ወር ሥራ ይወድቃል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ባለ ሦስት እግር

ለ19 ዓመት ካሜራ ይዤያለሁና በመፍረድ ልጀምር አልችልም፤ እርስዎ ያደረጉትን እኔም አድርጌዋለሁ። ሰው ሲያለቅስ በመመልከቻው ውስጥ የሚታየው ሰውዬው ሳይሆን ምስሉ ነው። ብርሃኑ ጉንጩ ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ ትኩረቱ እንዳይስት፣ እጁን ሲያነሣ ከክፈፉ እንዳይወጣ ነው የምንጨነቀው። ይህ ጭካኔ ሳይሆን የሥራው ልማድ ነው፤ ስለዚህም ካሜራውን የማጥፋት ሥልጣን ካሜራውን ከያዘው ሰው ውጭ ላለ ሰው አስቀድሞ ቢሰጥ ይሻላል እላለሁ። ባለታሪኳ ራሷ በእጅ ምልክት ልታስቆመው የምትችልበት ስምምነት ነበራችሁ? ከነበረና ካልተጠቀመችበት አንድ ነገር ነው። ካልነበረ ግን አላስቆመችኝም ማለት አይቻልም፤ ማስቆም እንደምትችል አታውቅም ነበርና።

ገበያ ያየ

እኔ ከፕሮዲውሰሩ ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ለሚወረወርብኝ ድንጋይ ተዘጋጅቻለሁ።

ፊት የሌለው ምስክር በሥራዬ ያየሁት ሁሉ ያው ነው፤ ተመልካች ያዝንለትና ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ስለ ዘፋኙ አር ኬሊ የተላለፈውን ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም አስቡ። ሴቶቹ በገዛ ፊታቸው ተቀምጠው በወጣትነታቸው የደረሰባቸውን ተናገሩ። በቀናት ውስጥ የቺካጎዋ ዐቃቤ ሕግ ሌሎች ተጎጂዎች ካሉ እንዲቀርቡ በአደባባይ ጥሪ አደረገች። በ2021 ኒው ዮርክ ላይ ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2022 የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሴቶቹ በጥላ ተሸፍነው፣ ድምፃቸው ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ተጎጂን ሁልጊዜ መሸፈንም የራሱ ክፉ ትርጉም አለው፤ የሚሸፈነው የሚያሳፍር ነገር ነውና፣ የሚያፍረው ግን በዳዩ መሆን ነበረበት። የ19 ዓመት ሴት ፈቅጃለሁ ስትል «አይ፣ አልፈቀድሽም» የሚሏት እነማን ናቸው? እርሷን እንደ ልጅ መቁጠርም ሌላ ዓይነት ንቀት ነው።

ከመዝገብ ቤት

የመጨረሻው ነጥብዎ ክብደት ያለው ነውና ወደ እርሱ እመለሳለሁ። የጠቀሱት ምሳሌ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተነገረው። በዚያ ሰው ላይ የቺካጎ ጋዜጣ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ ነው፤ በ2008 ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተሰናብቷል። በፊልሙ ላይ የቀረቡት ሴቶች ደግሞ ዓመታት ያለፉባቸው፣ ብዙዎቹም ቀደም ብለው በራሳቸው ፈቃድ ለጋዜጠኞች የተናገሩ ዐዋቂዎች ነበሩ። ከደረሰባት ነገር ከወጣች ገና ብዙ ያልቆየችን ልጅ ከእነርሱ ጋር እኩል ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ስለ ሕጉ፤ በሁለት ነገሮች መካከል መምታታት ስላለ መለየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ዝውውርን የሚከለክል ስምምነት፣ በአንቀጽ 3 ላይ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ማስገደድም ሆነ ማታለል ባይኖርበት እንኳ የሰዎች ዝውውር ነው ይላል፤ የልጁ እሺታ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ይህ ግን ስለ ብዝበዛው እንጂ ስለ ቀረጻው የተነገረ አይደለም። ስለ ቀረጻ የሚቀርበን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው፤ አንቀጽ 16 በሕፃናት የግል ሕይወትና ክብር ላይ ያለ አግባብ መግባትን ይከለክላል፣ አንቀጽ 12 ደግሞ በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲደመጥ ያዛል። በሕፃናት ሽያጭና የጾታ ብዝበዛ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው አማራጭ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 8 የተጎጂ ሕፃናት ማንነት እንዳይገለጥ ጥበቃ እንዲደረግ መንግሥታትን ያስገድዳል። የእርስዎ ባለታሪክ ዛሬ 19 ዓመቷ ስለሆነ እነዚህ በቀጥታ አይይዙዎትም። ታሪኩ ግን የ15 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው፤ 19 ዓመት የሞላት ሴት ለ15 ዓመቷ ልጅ ፈርማላታለች ማለት ነው።

የስምምነት ፎርሙን በተመለከተ፣ ብዙ ባልደረቦቻችን ሊሰሙት የማይፈልጉት ነገር አለ፦ ፎርሙ የተጻፈው እርስዎን ለመጠበቅ ነው። ጠበቃዬም ጠበቃዎም የሚያረቁት ፎርም «ለዘለዓለም፣ በመላው ዓለም፣ በታወቀና ወደፊት በሚፈለሰፍ ማናቸውም መንገድ» ይላል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንድ ሰው የሰጠውን ፈቃድ በማናቸውም ጊዜ የማንሣት መብት ይሰጠዋል፤ ለጋዜጠኝነትና ለኪነ ጥበብ ግን አገሮች የተለየ ድንጋጌ እንዲያወጡ ስለሚፈቅድ ፊልም ሠሪው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ያልፋል። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ፍሬድሪክ ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1967 በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ወኅኒ ውስጥ የሠራው ፊልም በማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት የታገደው በሕሙማኑ የግል ሕይወት ምክንያት ሲሆን፣ ለሕዝብ እንዲታይ የተፈቀደው በ1991 ነው። እገዳው ትክክል ነበር ወይስ ተቋሙን ከትችት ለመሸፈን የተደረገ ነበር የሚለው ክርክር አሁንም አልሞተም፤ እኔም ሁለቱም እውነትነት አላቸው ባይ ነኝ።

አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያም አለ። በልጅቱ ጉዳይ የተከፈተ ወይም ሊከፈት የሚችል የወንጀል ክስ ካለ፣ ያልተቀናበረው 62 ሰዓት ቀረጻ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠየቅ ይችላል። በፊልሙ ላይ «ሦስት ሰዎች ነበሩ» ብላ በችሎት «አራት ነበሩ» ካለች የተከሳሽ ጠበቃ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣቸዋል። በጉዳት ውስጥ ያለፈ ሰው ትዝታው በአንድ ጊዜና በአንድ ቅደም ተከተል እንደማይመጣ ችሎቱ ሁልጊዜ አይረዳም።

ጥላ ከለላ

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ ከብዝበዛ የወጡ ወጣቶች በሚያርፉበት መጠለያ ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ። ፊልም ሠሪዎች በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ በራችንን ያንኳኳሉ፤ አብዛኞቹ ቅኖች ናቸው። በመካከላችሁ ያለውን ክርክር ሳነብ ግን ስሟ ያልተጠራ አንዲት ነገር አየሁ፤ እርሷም «እሺ» የምትለው ቃል ራሷ ናት።

በብዝበዛ ውስጥ የቆየች ልጅ ለመኖር የተማረችው ትልቁ ጥበብ ከፊቷ ያለው ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ ዐውቆ መስጠት ነው። ደላላው መጀመሪያ የመጣው በዱላ ሳይሆን በማዳመጥ ነው። ጠየቃት፣ አመሰገናት፣ ከሌሎቹ ለየት ትያለሽ አላት፣ ስልክ ገዛላት። እርስዎም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሚመጡት በማዳመጥ ነው። ይጠይቋታል፣ ያመሰግኗታል፣ ታሪክሽ ከሌሎቹ ይለያል ይሏታል። ከደላላው ጋር አንድ ነዎት ማለቴ አይደለም፤ የእርሷ ልብ ግን መንገዱን ያውቀዋል፤ «እሺ» ማለት ደኅንነት የሚገኝበት መንገድ ሆኖ ተጽፎበታል። ስለዚህ በመጠለያው የምንሠራበት ደንብ «እሺ» ስትል ያለችውን ብቻ ሳይሆን «እምቢ» ብላ ታውቃለች ወይ የሚለውንም እንድንመለከት ያስገድደናል። በ14 ወር ውስጥ በአንድ ትንሽ ጉዳይ እንኳ፣ ዛሬ አልችልም፣ በዚህ ልብስ አልቀረጽም፣ ያንን አልናገርም ብላዎት ታውቃለች? ብላ ከሆነ እሺታዋ እሺታ ነው። አንድም ቀን ብላ ካላወቀች ፎርሙ ላይ ያለው ፊርማ ምን እንደሚያመለክት እርስዎም አያውቁም።

«ገበያ ያየ» ያነሡትን የንቀት ጉዳይ አልዘልለውም፤ እውነት ነው፣ እኛ የመጠለያ ሠራተኞች አንዳንዴ በጥበቃ ስም አፍ እንዘጋለን። ለመናገር የፈለገችን ልጅ «ለራስሽ ስንል» ብለን ከልክለን፣ ቆይታ ያለ እኛ በማኅበራዊ ሚዲያ በቀጥታ ስርጭት ስትናገር ያየሁበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ደግሞ ማንም አልነበረላትም። ስለዚህ መከልከል መፍትሔ ነው አልልም።

ስለ ማንነት መሸፈን የዩኒሴፍ የዘገባ መመሪያ የጾታ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ተጎጂ ሆኖ የሚቀርብ ሕፃን ስሙ እንዲለወጥና መልኩ እንዲሸፈን ያዛል። ሰዎች ግን ፊት ከተሸፈነ ነገሩ አለቀ ይላሉ። ልጅን የሚያውቃት ሰው በፊቷ ብቻ አያውቃትም። የእጅ አምባሯ፣ ስትቀመጥ እግሯን የምታጣጥፍበት መንገድ፣ ከኋላዋ የሚታየው በር፣ «ሁለተኛ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ሾፌር ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ እነዚህ ተደምረው ለባዕድ ምንም ሳይናገሩ ለዘመድ ስሟን ይጠሩለታል። የምትፈራው ደግሞ ባዕዱን አይደለም። «ወንድሜም ያየዋል?» ነው ያለችው።

በአጠራርም ጥንቃቄ ይደረግ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሉክሰምበርግ የቃላት መመሪያ ሕፃናትን «ዝሙት አዳሪ» ብሎ መጥራት ልጁን የሥራው ባለቤት፣ በዳዩን ደግሞ ደንበኛ እንደሚያስመስል ያስረዳል። በፊልሙ መግለጫና በፖስተሩ ላይ የሚጻፈውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ፊልሙን የሠራው ሰው አይደለም፤ አስቀድመው ይያዙት።

ዝምታ

ብዙ አልጽፍም ብዬ ነበር።

በ17 ዓመቴ ተቀርጬ ነበር። ስለ ማን እንደ ሠራው አልናገርም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ውኃ ሰጥተውኛል፣ ደክሞሽ ከሆነ እናቁም ብለውኛል። እኔም ፈቅጃለሁ፤ በዚያን ጊዜ የሚሰማኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ይህን የምናገረው ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አንዲት ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ መጣችና «ይህቺ አንቺን አትመስልም?» አለችኝ። ፊልሙ አልነበረም። ከፊልሙ የተቆረጠ 40 ሰከንድ ነበር፤ ማን እንደ ቆረጠው የማይታወቅ፣ ሙዚቃ የተጨመረበት። የሚያለቅሰው ክፍል ነበር። ሁልጊዜም የሚቆረጠው የሚያለቅሰው ክፍል ነው።

በዚያን ጊዜ ያመመኝ የደረሰብኝ ነገር መታወቁ አልነበረም። እኔ 23 ዓመት ሞልቶኝ፣ ተምሬ፣ የቤት ኪራዬን የምከፍል ሰው ሆኜ፣ እርሷ ግን እዚያው 17 ላይ ቆማ እያለቀሰች መሆኗ ነው። የፊልሙ ሰዎች ለእኔ እንዳበቃ ነግረውኝ ነበር። ለእነርሱ አበቃ እንጂ ለእኔ አላበቃም።

ጠይቀውኝ ቢሆን ምን እፈልግ እንደነበር ልንገርዎት። ሌላ ሰው ሳያየው በፊት፣ እኔ ከመረጥሁት ሰው ጋር ተቀምጬ፣ መብራት ባለበት ክፍል ማየት። እዚያው ወዲያው መልስ አለመጠየቅ። በጽሑፍ የተሰጠኝ አንድ ቀን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ምክንያት ሳልሰጥ ይውጣ የምልበት። የትኛውም ቢወጣ የሚቆጣኝ ሰው አለመኖሩን አስቀድሞ መስማት።

የማታ ቅንብር

ሁሉንም ደጋግሜ አነበብሁ። ለ«ዝምታ» የምመልሰው ቃል የለኝም፤ አመሰግናለሁ ማለትም ያንስብኛል።

«ጥላ ከለላ» ለጠየቁኝ፣ ማስታወሻዎቼን ሁሉ ገልብጬ ፈለግሁ። በ14 ወር ውስጥ አንድ ቀን ብቻ እምቢ ብላኛለች፤ በአራተኛው ወር፣ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ስትገባ ልቅረጽሽ ስላት «በሩን አይሆንም» አለችኝ። እኔም የብርሃን ጉዳይ መስሎኝ በሌላ ቀን በሩን ለብቻው ቀርጬዋለሁ፤ ቅንብሩ ውስጥም አለ። ይህን አሁን ስጽፈው ፊቴ እየጋለ ነው።

ባለ ሦስት እግር

በሩን ዛሬውኑ ያውጡት፤ ይህ ምክር አያስፈልገውም።

ፊትን ለመሸፈን ከወሰናችሁ ስለ ዘዴው ጥቂት ልበል፤ በዚህ ላይ ብዙ ግዴለሽነት ስላየሁ ነው። ምስሉን በትንንሽ ካሬዎች መበተን የማያስተማምን ሽፋን ነው፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ከብዙ ክፈፎች መረጃ ተሰብስቦ ፊቱ በከፊል ሊመለስ ይችላል። የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት መለወጥም እንዲሁ፤ ለውጡ በተደረገበት መጠን ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ድምፁ ማንነትን የሚገልጥ ከሆነ ቃሉን ሌላ ሰው እንዲያነበው ማድረግና ይህንንም ለተመልካች በግልጽ መንገር ይሻላል። በጥላ መቅረጽ ካስፈለገ ጥላው በቀረጻው ጊዜ እውነተኛ ጥላ ይሁን፤ በብርሃን ቀርጾ በኋላ ማጨለም ዋናው ፋይል ውስጥ ፊቱን ያስቀረዋል። ዋናው ፋይልም የተቀረጸበትን ቀን፣ አንዳንዴም ቦታውን ይዞ ስለሚዞር፣ ለሌላ ሰው ከመላኩ በፊት ያ መረጃ ይጠረግ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቼችኒያ ስለሸሹ ሰዎች የወጣው የዴቪድ ፍራንስ ፊልም በባለታሪኮቹ ፊት ላይ የሌሎች ፈቃደኛ ሰዎችን ፊት በኮምፒውተር አልብሷል፤ ዓይንና ከንፈር ስሜቱን እንደያዙ ይቀራሉ። ውድ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ፊት የሌለው ምስክር ይረሳል ለሚለው የ«ገበያ ያየ» ሙግት ከሁሉ የቀረበ መልስ ይመስለኛል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ከውይይቱ ትንሽ ብወጣ። ካሜራውን ለራሳቸው ለወጣቶቹ መስጠትስ? በሕንድ ኮልካታ ከተማ ሶናጋቺ በተባለው የቀይ መብራት ሰፈር ለሚያድጉ ልጆች ካሜራ ተሰጥቶ፣ ራሳቸው ያነሡት ፎቶግራፍ ያለበት ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 ኦስካር አግኝቷል። ይህ ከሆነ ማን ማንን ይበዘብዛል የሚለው ጥያቄ አይጠፋም?

ከመዝገብ ቤት

አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። ያንን ፊልም በተመለከተ የከተማዋ የወሲብ ሠራተኞች ማኅበር ዱርባር ያቀረበው ትችት እናቶቹ ለልጆቻቸው ግድ የሌላቸው ሆነው ታይተዋል፣ ሴቶቹ ራሳቸው ተደራጅተው የሠሩት ሥራም ጭራሽ አልታየም የሚል ነበር። ልጆቹ ያነሡት ፎቶግራፍ የልጆቹ ነው፤ ፎቶግራፎቹን በየትኛው ታሪክ ውስጥ ማስቀመጥ እንዳለበት የወሰነው ግን ቅንብሩ ነው። ካሜራ መስጠት መልካም ነገር ሲሆን፣ መቁረጫውን አለመስጠት ግን ያው የቆየው ግንኙነት ነው።

ለንጽጽር የምወድደው ሌላ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ጎዳና ላይ ስለሚኖሩ ልጆች ፊልም የሠሩት ማርቲን ቤልና ፎቶግራፍ አንሺዋ ሜሪ ኤለን ማርክ፣ ከልጆቹ አንዷን ከ30 ዓመት በላይ ሳይለዩ ተከታተሏት፤ ስለ እርሷ ብቻ የተሠራው ፊልም በ2016 ወጣ። ልጅቱ በዚያ ፊልም የራሷን የልጅነት ምስል እየተመለከተች ትናገራለች። ይህም ከጥያቄ ነጻ ነው አልልም፤ ፊልም ከቀረጸ በኋላ ያልሄደ ሰው ግን በሌሎቻችን ዘንድ ብዙ አይገኝም።

ገበያ ያየ

ድንጋዩ ከጠበቅሁት ቀለል ብሎ ነው የደረሰኝ። «ዝምታ» የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ስለ ፊት የተናገርሁትን ባልሰርዘውም በልኩ ልወስነው እገደዳለሁ፤ ፊልሙን ስንሸጥ ትሬለሩን የምንቆርጠው እኛ ነን፣ ልቅሶውን የምናስቀድመውም እኛ ነን። በውሌ ውስጥ ባለታሪክ በማስታወቂያ ቅንጫቢው ላይ የተለየ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚል አንቀጽ ኖሮኝ አያውቅም። ማስገባት ከባድ አይደለም።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ይነሣ። ለጋሾች «ጠንካራ ታሪክ» ሲሉ ምን እንደሚፈልጉ ሁላችንም እናውቃለን። ከጾታ ብዝበዛ የወጡ ሴቶች ተሟጋች የነበረችው የካምቦዲያዋ ሶማሊ ማም እ.ኤ.አ. በ2014 በስሟ ከተቋቋመው ድርጅት የለቀቀችው ኒውስዊክ መጽሔት የራሷም ሆነ በካሜራ ፊት የቀረቡ አንዳንድ ወጣቶች ታሪክ ተፈጥሯል የሚል ዘገባ ካወጣ በኋላ ነው፤ እርሷ አልዋሸሁም ብላ ተከራክራለች። የማን ቃል እውነት ነው የሚለውን ትቼ፣ ለታሪክ የሚከፈለው ከፍ ባለ ቁጥር ታሪኩም አብሮ እንደሚከፋ በሥራዬ አይቻለሁ። ለምስክርነት ክፍያ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለጠፋባት የሥራ ቀን፣ ለትራንስፖርትና ለሥነ ልቦና ባለሙያ ግን መክፈል ይገባል፤ ክፍያውም አለቀሰችም አላለቀሰችም ያው መሆን አለበት።

የማታ ቅንብር (ከ24 ቀን በኋላ)

ክሩን ሳልመለስበት የቆየሁት የምመልሰው ነገር እስኪኖር ድረስ ነው።

በሩ ወጥቷል። ወጣቷን ያገኘኋት ከእናቷ ታናሽ እኅት ጋር ነው፤ የመረጠቻት ራሷ ናት። ከማየታችን በፊት በፎርሙ ላይ ተጨማሪ ወረቀት አያይዤ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለ60 ቀን ማናቸውንም ክፍል ያለ ምክንያት ማስወጣት እንደምትችልና ይህን በማድረጓ ምንም እንደማይጎድልባት ጻፍሁላት፤ ፕሮዲውሰሬም ፈረመበት፤ ፊቱ ባይፈታም ፈረመ። ከዚያ 78ቱን ደቂቃ አሳየኋት። መብራቱን አላጠፋሁም።

ወደ ልቅሶው ትዕይንት ስንደርስ እኔ ወለሉን አየሁ። እርሷ ግን እስከ መጨረሻው ተመለከተችው። አክስቷ እጇን ይዛ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ምንም አልጠየቅኋትም፤ በሳምንቱ ራሷ ደወለች።

«የማለቅሰው ይቆይ፤ ፊቴ ግን አይታይ» አለችኝ። «ይህ የሆነብኝ ነው። ወንድሜ ቢያየው የሆነብኝን ነው የሚያየው።» ቀጥላም «የምስቅበት ይውጣ» አለችኝ።

ለምን ብዬ እንዳልጠይቅ በጽሑፍ ቃል ስለ ገባሁ ዝም አልሁ። እርሷ ግን ነገረችኝ። በዚያ ትዕይንት የምትስቀው ስለ ደላላው ስታወራ ነው፤ ሰውየው ጫማ እንዴት እንደመረጠላት ስትናገር። «ሳቅሁ እኮ፣ ምክንያቱም ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ነው። እነርሱ ግን ወድዳው ነበር ይላሉ።» ስቀርጸው፣ ሳቀናብረው፣ ከ100 ጊዜ በላይ ሳየው ያ ሳቅ ለተመልካች እረፍት ነው እንጂ ሌላ ነገር ሆኖ አልታየኝም። በዚህ ክር የመጀመሪያ ጽሑፌ ላይም የሚያሳስብ አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ፤ አላረምሁትም፣ እንዳለ ይቆይ።

ወጥቷል። አሁን የቀረኝ የሥራ ጥያቄ ነው። ሳቁ የነበረበት ቦታ 52 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ትዕይንት በጣም ከባድ፣ ከኋላው ያለውም እንዲሁ። ሁለቱን በቀጥታ ሳጋጥማቸው ተመልካቹ ይታፈናል። ሌላ ባለታሪክ እዚያ ማስገባት አልፈልግም፤ ሙዚቃም አልፈልግም። ልቅሶውን ደግሞ በድምፅ ብቻ ለማቆየት ምስሉን በምን ልተካ?

ባለ ሦስት እግር

በጥቁር ይተኩት። የእጅ፣ የመስኮት፣ የዝናብ ምስል አይለጥፉበት፤ ተመልካቹ ለማምለጫ ይጠቀምበታል።

ድምፅ ቀራጭ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ይህኛው ግን የእኔ ሥራ ነው። የክፍሉን ባዶ ድምፅ ቀርጸዋል? ቃለ መጠይቁ ከመጀመሩ በፊት ወይም ካለቀ በኋላ ሁሉም ዝም ብሎ የሚቀረጸውን አንድ ደቂቃ ማለቴ ነው። ካለዎት፣ በ52 ሰከንዱ ቦታ ከ12 እስከ 15 የሚሆን ሰከንድ እርሱን ብቻ ያስቀምጡ፤ ምስሉም ማንም ያልተቀመጠበት ያው ወንበር ይሁን፤ ወንበሩ የእርሷ ቤት ወንበር ካልሆነ ብቻ። ፍጹም ጸጥታ አያስገቡ፤ ተመልካች የድምፅ ማጉያው የተበላሸ ይመስለዋል። የቀረውን ጊዜ ይተዉት፣ ፊልሙ ይጠር።

የማታ ቅንብር

ወንበሩ የስቱዲዮ ነው። የክፍሉ ድምፅም አለኝ፤ 48 ሰከንድ ነው፤ በመካከሉ ሩቅ ላይ የሚዘጋ በር ይሰማል።

ድምፅ ቀራጭ

ከበሩ በፊት ያለውን ይጠቀሙ።